ከሚቀሩት ጎን ማገልገል

እስቲ ሆንዱራስ ውስጥ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ትንንሽ ቤቶችን አስቡ። መጠናቸው እኩል ነው፤ በሁለቱም ውስጥ ጎርፍ ቤቱን የወሰደበት ቤተሰብ ይኖራል። አንደኛውን የአገሬው ክርስቲያናዊ ድርጅት ከአገሬው ግንበኞች ጋር ሠራው፤ ወጪው 2,000 ዶላር ገደማ ነበር። ሁለተኛውን ከሰሜን አሜሪካ የመጣ የቤተ ክርስቲያን ቡድን ሠራው። የቡድኑ የአውሮፕላን ትኬት ሳይቀር ሁሉም ሲደመር ያ ቤት 30,000 ዶላር ገደማ ፈጀ።

ቁጥሮቹ የከርት ቨር ቢክ ናቸው። ቨር ቢክ ሚሺጋን ከሚገኘው፣ ያኔ ካልቪን ኮሌጅ ከሚባለው ተቋም ጋር ሲሠራ የቆየ፣ ሆንዱራስ ውስጥ ግን ለረጅም ዓመታት የኖረ የሶሲዮሎጂ ምሁር ነው። በኦክቶበር 1998 መጨረሻ (እዚህ የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሚች የተባለው አውሎ ነፋስ ማዕከላዊ አሜሪካን ሲመታ ከ10,000 በላይ ሰው አለቀ። በሆንዱራስ ኮረብታው በዝናብ እየተናደ ሰፈር ይዞ ወረደ። ከዚያ በኋላ የሰሜን አሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት አባሎቻቸውን ቡድን በቡድን እያደረጉ ቤት ሊሠሩ ላኩ። ቨር ቢክ ሁለቱንም ወገን ጠየቀ፤ ቤት ያገኙትን ሆንዱራሳውያንም፣ ሠርተው ወደ አገራቸው የተመለሱ 127 ተጓዦችንም። ጥናቱ በ2006 ታተመ።

ያገኘው ነገር ለእኔ በጣም የሚያስገርም ነው። ቤቱን የውጭ ሰው ሠራው፣ የአገር ሰው ሠራው፣ በባለቤቶቹ ኑሮ ላይ ያመጣው ለውጥ አልተለያየም። ተጓዦቹም ጉዞው ሕይወታቸውን እንደለወጠው ቢናገሩም፣ ለሚሽን በሚሰጡት ገንዘብና በጸሎት ልማዳቸው ላይ ጸንቶ የቆየው ለውጥ ትንሽ ነበር። ደግሞ ሒሳቡን ሥሩት። 30,000 ለ2,000 ሲካፈል 15 ነው። አሥራ አምስት ቤተሰብ ጣሪያ ሥር ይገባ ነበር፤ የሆንዱራስ ግንበኞችም የወራት ሥራ ያገኙ ነበር።

ይህን ሰምታችሁ «እንግዲያው ብሩን ልከን ቤታችን እንቀመጥ» እንዳትሉ። እኔ ሂዱ ባይ ነኝ። በክርስቶስ አንድ የሆኑ ሰዎች በባሕር ማዶ ተገናኝተው አብረው ሲጸልዩ፣ አብረው ሲበሉ፣ አንዱ የሌላውን ሸክም በዓይኑ ሲያይ የሚሆነውን ነገር ባንክ በኩል መላክ አይቻልም። ነገር ግን ጉዞው የሚያምረው ሥራው የአስተናጋጁ ሲሆን ነው። እዚያ ተወልዶ፣ እዚያ እያገለገለ፣ እኛ አውሮፕላን ስንሳፈር እዚያው የሚቀረው ወንድም ወይም እኅት የሥራው ባለቤት ሲሆን፣ መጪው ደግሞ ረዳት ሲሆን። ይህ ቅደም ተከተል ከተገለበጠ ሌላው ሁሉ አብሮ ይገለበጣል፤ ገንዘቡም፣ ጊዜውም፣ ፎቶው እንኳ።

ለመሆኑ ይህ የአጭር ጊዜ ሚሽን ከየት መጣ? ዕድሜው ብዙ አይደለም። ድሮ ሚሲዮናዊ ሲሄድ በመርከብ ነው፤ ሲሄድም ለዕድሜ ልክ ነው፤ ቋንቋ ሳይማር አፉን አይከፍትም። በ1957 ጆርጅ ቨርወር የሚባል አሜሪካዊ ተማሪ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የወንጌል ጽሑፍ ይዞ ለክረምት ወደ ሜክሲኮ ሄደ፤ ኦፕሬሽን ሞቢላይዜሽን የተባለው ድርጅት ከዚያ ተወለደ። በ1960 ሎረን ካኒንግሃም ወጣቶችን የሚልከውን ዋይዋም መሠረተ። የአውሮፕላን ዋጋ እየረከሰ ሲሄድ ነገሩ ሰፋ። ሮበርት ዉትናው የተባለው የፕሪንስተን ምሁር በ2005 ባደረገው ጥናት መሠረት በዓመት 1.6 ሚሊዮን ያህል የአሜሪካ ምእመናን እንዲህ ያለ ጉዞ ያደርጉ ነበር። ብዙዎቹ የሚቆዩት ከሁለት ሳምንት አይበልጥም ነበር። አስቡት፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰው የአስተናጋጁን ልጆች ስም እንኳ በቅጡ አይዝም።

ስለዚህ ዋናው ጥያቄ አስተናጋጁ ማን ነው የሚለው ነው። እንደገና ወደ ሆንዱራስ ልውሰዳችሁ፤ ምክንያቱም የአካባቢ ክርስቲያናዊ አገልግሎት ምን ማድረግ እንደሚችል ከዚያ የተሻለ ማሳያ አላውቅም። ሚች በመታበት በዚያው በ1998 ቨር ቢክ ካርሎስ ኤርናንዴስ ከሚባል ሆንዱራሳዊ ጓደኛው ጋር ሆኖ አንድ ማኅበር አቋቋመ። ስሙ «ይበልጥ ፍትሐዊ ለሆነ ማኅበረሰብ» እንደማለት ነው። የማኅበሩ ሰዎች አማኞች ናቸው፤ ግን ቤት ከመሥራት ይልቅ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር በሥራ ገበታው ላይ መገኘቱን ይከታተላሉ፣ ለመንግሥት ሆስፒታል የሚገዛው መድኃኒት የት እንደገባ ይጠይቃሉ፣ መሬቱ በስሙ ያልተመዘገበለት ድሃ ካርታ እንዲያገኝ ይረዳሉ። ዲዮኒሲዮ ዲያስ ጋርሲያ የሚባል የማኅበሩ ጠበቃ ደግሞ ደመወዛቸውንና መብታቸውን ለተነፈጉ የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞች ይሟገት ነበር። በዲሴምበር 2006 ቴጉሲጋልፓ ከተማ ውስጥ በጥይት ተገደለ። ባልደረቦቹ ሥራውን አላቆሙም።

እንዲህ ያለውን ሥራ የሁለት ሳምንት እንግዳ ሊሠራው አይችልም። ሕጉን አያውቅም፣ ፍርድ ቤቱን አያውቅም፣ ማን ማንን እንደሚያስፈራራ አያውቅም። ከሁሉ በላይ ደግሞ አደጋው ሲመጣ እዚያ አይኖርም። ታዲያ እንግዳው ምን ይሠራል? ያያል፣ ይሰማል፣ ከእነሱ ጋር ይጸልያል፣ አገሩ ሲመለስ ያየውን በእውነት ይናገራል፣ ገንዘቡንም እነሱ በሚሉት ቦታ ላይ ያውላል። ይህ ጥቂት ከመሰላችሁ፣ በብቸኝነትና በፍርሃት ለሚያገለግል ሰው ከሩቅ የመጣ ወዳጅ አጠገቡ መቀመጡ ምን ማለት እንደሆነ ጠይቁት።

ገበሬው ደቦ ሲጠራ የሚሆነውን ሁላችን እናውቃለን። እርሻው የባለቤቱ ነው። የትኛው ማሳ አስቀድሞ ይታጨድ፣ በስንት ሰዓት ይጀመር፣ ማን ከየትኛው ጥግ ይሰለፍ የሚለውን የሚናገረው የጠራው ሰው ነው። ደቦ የመጣ ጎረቤት፣ የቱንም ያህል ጎበዝ አጫጅ ቢሆን፣ «እኔስ የምፈልገው ያኛውን ማሳ ነው፤ ደግሞ ከማጨድ ማረስ ይሻለኛል» አይልም። ማታ ወደ ቤቱ ሲሄድም አዝመራው የማን እንደሆነ አይጠፋውም። ባሕር ማዶ ለማገልገል ስንሄድ ከዚህ የተለየ ጠባይ ለምን እንደምናመጣ አይገባኝም። ብዙ ጊዜ ግን የሚሆነው ይህ ነው፦ ቡድኑ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ቁጭ ብሎ ፕሮግራሙን ይጨርሳል፣ ቲሸርቱን ያሳትማል፣ ትኬቱን ይቆርጣል፣ ከዚያ በኋላ አስተናጋጁን «በእነዚህ ቀኖች እንመጣለን፣ ግድግዳ የሚቀባ ትምህርት ቤት አዘጋጁልን» ይለዋል። አስተናጋጁ እምቢ ይላል? እንግዳ ነው፤ ወንድም ነው፤ ምናልባትም ዓመታዊ በጀቱ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚመጣው። እሺ ይላል። ባለፈው ዓመት የተቀባው ግድግዳ እንደገና ይቀባል።

ይህ «እሺ» ምን እንደሚያስከፍል እስቲ በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ከተጓዦች ዓይን የሚሰወረው እዚህ ላይ ነውና። አሥራ አምስት ሰው ሲመጣ ፍራሽ ከየቤቱ ይሰበሰባል። ውኃ ይፈላል ወይም በካርቶን ይገዛል። ሚኒባስ ይከራያል፤ ሹፌሩ ይመገባል። እንግሊዝኛ የሚችሉት ሁለት ሦስት ሰዎች፣ እነሱም አብዛኛውን ጊዜ የአገልግሎቱ ዋና ሠራተኞች፣ መደበኛ ሥራቸውን ትተው ለአሥር ቀን አስተርጓሚ ይሆናሉ። መጋቢው በሽተኛ መጠየቁን፣ ለቀስተኛ ማጽናናቱን ወደ ሌላ ሳምንት ያዛውራል። አንድ እንግዳ ሆዱን ቢያመው ሌሊት ክሊኒክ የሚወስደው ያው መጋቢ ነው። እናቶች ከንጋት በፊት ተነሥተው ያበስላሉ። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት በደስታ ነው፤ እንግዳ መቀበል ክብር ነውና። ደስታቸው ግን ወጪያቸውን አይሸፍንም፣ የታጠፈውን ሥራም አይሠራም። ስለዚህ ቡድናችሁ በጀት ሲያወጣ የአስተርጓሚውን የቀን አበል፣ የምግብ አብሳዮቹን ክፍያና የቤንዚኑን ወጪ አስገቡ። «ይህን ነገር እኛ እንክፈል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ይሉኝታ «አይ፣ ምንም አይደለም» ያሰኛቸዋል። «ለዚህ ይህን ያህል መድበናል፤ ይበቃል?» በሉ።

ጊዜውም እንዲሁ ነው። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ቡድኖች የሚመቻቸው ጁላይና ኦገስት ነው፤ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ከሥራም ፈቃድ ይገኛል። እኛ አገር ደግሞ ያ ወቅት ሐምሌና ነሐሴ ነው። ደጋው ጭቃ ነው፣ መንገዱ ይቆረጣል፣ ገበሬው አረም ላይ ነው፣ የተማሪው ክፍል ባዶ ነው። አስተናጋጁን ቢጠይቁት ኖሮ ጥር ላይ ኑ ይል ነበር። አሜሪካ ውስጥ የአጭር ጊዜ ሚሽን ድርጅቶች በ2003 ተስማምተው ያወጧቸው ሰባት የአሠራር መመዘኛዎች አሉ፤ ከእነሱ አንዱ ዕቅዱ በላኪና በተቀባይ በጋራ ይውጣ የሚለው ነው። ወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል፤ እውነተኛ የሚሆነው ግን አስተናጋጁ «በዚህ ወር አትምጡ» ማለት ሲችልና እኛም ሳንቀየም ትኬታችንን ስናዛውር ነው።

ደህና፣ ጉዞ በትክክል ሲሠራ ምን ይመስላል? የምወደው ምሳሌ ያለው ወላይታ ሶዶ ነው። በ1996 በአፍሪካ የሚያገለግሉ ክርስቲያን የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች የአፍሪካ ሐኪሞችን እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ቀዶ ሐኪም አድርጎ የሚያሠለጥን ማኅበር መሠረቱ። ፓክስ እያሉ ይጠሩታል። መጀመሪያ ያሠለጠኑት ጋቦን ውስጥ በምትገኘው ቦንጎሎ ሆስፒታል ነበር። ሥልጠናው አምስት ዓመት ነው፤ ሙያውና የመንፈስ ሕይወቱ አብረው የሚያድጉበት ነው። የሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታልም ከማሠልጠኛዎቹ አንዱ ሆነ። ከውጭ ለሁለት ሳምንት የሚመጣ ቀዶ ሐኪም በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሲገባ ሥራው ይለወጣል። «ስንት በሽተኛ ቀደድኩ» የሚለው ቆጠራ ይቀርና ኢትዮጵያዊው ሠልጣኝ ቢላዋውን ሲይዝ እንግዳው ከጎን ቆሞ ያሳያል፣ ያርማል። እንግዳው ሲሄድ እጁ አብሮት ይሄዳል፤ ትምህርቱ ግን ሶዶ ይቀራል። ቁስሉ ቢያመረቅዝ፣ በሽተኛው በወሩ ተመልሶ ቢመጣ፣ የሚያውቀውና ቋንቋውን የሚሰማው ሐኪም እዚያው አለ። እንዲህ ላለ ጉዞ 3,000 ዶላር የትኬትና የማረፊያ ወጪ ቢወጣ አይቆጨኝም።

የሕክምና ባለሙያ ለሆናችሁ ሁለት ነገር ልጨምር። በአገራችሁ ፈቃድ ያላችሁ መሆናችሁ በሌላ አገር ሰው እንድታክሙ አያስችላችሁም፤ ጊዜያዊ የሥራ ፈቃድ አስቀድሞ በአስተናጋጁ ሆስፒታል በኩል መጠየቅ አለበት። ተማሪ ከሆናችሁ ደግሞ በአገራችሁ ያልተፈቀደላችሁን እዚያም አትሞክሩት፤ ድሃ መለማመጃ አይደለም። ሁለተኛው መድኃኒት ነው። በሻንጣ ጥግ ጥግ እየተወሸቀ የሚሄደው መድኃኒት ብዙ ጊዜ ጊዜው ሊያልፍ ወራት የቀሩት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ1996 ያወጣው የመድኃኒት ልገሳ መመሪያ የሚለገሰው መድኃኒት ሲደርስ ቢያንስ አንድ ዓመት ቀሪ ዕድሜ ይኑረው፣ ተቀባዩ አገር የሚጠቀምበት ዓይነት ይሁን፣ ጽሑፉም እዚያ ያለው ባለሙያ በሚያነበው ቋንቋ ይሁን ይላል። ቀላሉ መንገድ ለአስተናጋጁ ክሊኒክ ገንዘቡን ሰጥቶ እዚያው ከሕጋዊ አስመጪ እንዲገዛ ማድረግ ነው።

አሁን ደግሞ ልብ የሚነካውን ነገር ላንሣ፤ ልጆችን። ብዙ ቡድኖች በፕሮግራማቸው ውስጥ ወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ መጎብኘት ያስገባሉ። ልጆቹ ሮጠው ያቅፏችኋል፣ ጭን ላይ ይቀመጣሉ፣ አርብ ስትለዩ ያለቅሳሉ። በቀጣዩ ሰኞ ሌላ ቡድን ይመጣና እንደገና ያቅፋሉ። ይህ የመተቃቀፍና የመለያየት ዙር ልጅን ምን ያህል እንደሚጎዳ ባለሙያዎች ደጋግመው ተናግረዋል። ከዚህ የከፋም አለ። ካምቦዲያ ውስጥ ከ2005 እስከ 2010 የማሳደጊያዎች ቁጥር በ75 በመቶ አደገ፤ በውስጣቸው ካሉት ልጆች ግን ከአራቱ ሦስቱ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት ነበራቸው። ልጆቹን ማሳደጊያ ያስገባቸው ድህነት ነው። የጎብኚና የለጋሽ ገንዘብ በመጣ ቁጥር ማሳደጊያውም ይበዛል። አውስትራሊያ በ2018 ዘመናዊ ባርነትን የሚመለከት ሕግ ስታወጣ ይህ ጉዳይ አብሮ የተነሣው ለዚህ ነው።

ሄይቲን ታስታውሳላችሁ? በጃንዋሪ 12 ቀን 2010 የመሬት መንቀጥቀጡ ፖርት ኦ ፕሪንስን አፈራረሰ። ወሩ ሳያልቅ አሥር አሜሪካውያን ባፕቲስቶች 33 ልጆችን በአውቶቡስ ጭነው ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሊያሻግሩ ሲሉ ድንበር ላይ ተያዙ። የሚያስፈልገው ፈቃድ አልነበራቸውም፤ ልጆቹም ወላጅ አልባ እንዳልነበሩ ታወቀ። እነዚያ ሰዎች ክፉ ለማድረግ ተነሥተው ነበር ብዬ አላምንም። ነገር ግን ልጆቹን በስም የሚያውቅ፣ እናታቸው የት እንደምትኖር የሚያውቅ የሄይቲ ቤተ ክርስቲያን ወይም ድርጅት የሥራው ባለቤት ሆኖ ቢሆን ኖሮ ያ አውቶቡስ አይነሣም ነበር። ስለ ልጆች ግድ የሚላችሁ ከሆነ፣ ልጅን ከእናቱ ወይም ከአያቱ ጋር ለማቆየት የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ወጪ የሚደግፍ የአካባቢ አገልግሎት ፈልጉ። ፎቶ አይነሣበትም፤ ሥራው ግን ያ ነው። ፎቶ ካነሣንም የልጁ ወላጅ ይፍቀድ፤ የእኛን ልጅ ፎቶ ማንም ሳያስፈቅድ በማኅበራዊ ሚዲያ ቢለጥፈው ዝም አንልም።

የአገሬው አማኝ የሥራው ባለቤት ሲሆን ምን እንደሚሆን የሚያሳየውን ታሪክ ለማግኘት እኛ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። በ1928 በዶክተር ቶማስ ላምቢ የሚመሩ የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ደረሱ፤ ከጣቢያዎቻቸው አንዱ ሶዶ ሆነ። ቋንቋ ተማሩ፣ አከሙ፣ አስተማሩ። በኤፕሪል 1937 የጣሊያን ጦር ከአገር ሲያስወጣቸው በወላይታ የተጠመቁት አማኞች 48 ነበሩ። ጥቂት፣ አዲስ፣ አብዛኞቹም ገና ማንበብን የሚማሩ። ሚሲዮናውያኑ «እንግዲህ አበቃ» ብለው ቢያስቡ ማን ይፈርድባቸዋል? ወራሪው ጸሎት ቤቶቹን ዘጋ፤ እንደ ዋንዳሮ ያሉ መሪዎች ታሰሩ፣ ተገረፉ። ወገን ላላቸው እስረኞች ስንቅ የሚመጣው ከቤት ነበር፤ አማኞቹ ግን ለወንድሞቻቸው ያመጡትን ምግብ ወገን ለሌለው እስረኛም አካፈሉ፤ ይህን ያየ ሰው «እነዚህ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?» ብሎ ጠየቀ። ከነጻነት በኋላ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ የጠበቃቸው የአማኝ ቁጥር ወደ 10,000 ይጠጋ ነበር።

ወንጌሉን ያመጡት ሰዎች ድካም ከንቱ ነበር እያልኩ አይደለም፤ የዘሩት ባይኖር የሚበቅል አይኖርም ነበር። የሚያስደንቀኝ ነገር በሌሉበት ጊዜ የወላይታ ሰው ማንንም ሳይጠብቅ፣ ከውጭ አንድ ሳንቲም ሳይመጣለት መሪ ሾሞ፣ ዘማሪ አውጥቶ፣ ከዚያም አልፎ ወንጌላውያንን ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋና ወደ አሪ መላኩ ነው። እነዚያ ወንጌላውያን ቋንቋ የማያውቁበት አገር በእግራቸው ሄዱ፤ የላካቸው ቤተ ክርስቲያን ከእህሏና ከሳንቲሟ ደገፈቻቸው። ፖል ባሊስኪ ታሪካቸውን በመጽሐፍ አስፍሮታል። እንግዲህ ዛሬ ወላይታ ለማገልገል የሚሄድ ቡድን ሚሽንን ሊያስተምር ከተነሣ ከራሱ በፊት የተማሩትን ሰዎች ነው የሚያገኘው። አዛውንቶቹን ቁጭ ብሎ ቢጠይቅ የተሻለ ነው።

ገንዘብን በተመለከተም ቀድሞ የተናገረ የራሳችን ሰው አለ። ጉዲና ቱምሳ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ሳሉ በ1972 ቤተ ክርስቲያኗ ለሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንና ለአጋር ሚሽኖች አንድ ደብዳቤ ላከች። ሐሳቡ በጨዋነት የተጻፈ ግን ቀጥተኛ ነው፦ እናንተ ለልማት ፕሮጀክት ገንዘብ ትሰጣላችሁ፤ እኛ ግን ለወንጌል ሥራና ለመሪዎች ሥልጠና ስንጠይቅ እጃችሁ ይታጠፋል፤ የሚያስፈልገንን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፤ ሰው ግን ነፍስና ሥጋ ተለያይቶ የሚኖር ፍጡር አይደለም። ጉዲና ልማትን የሚጠሉ ሰው አልነበሩም። የሚሉት፣ ቅድሚያ የሚሰጠውን ነገር እዚያ የሚኖረው ይምረጥ ነው። በጁላይ 1979 በደርግ ዘመን ታፍነው ተገደሉ። ደብዳቤውን ዛሬ የሚያነብ የላኪ ቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ አባል አሁን ስለሚያወጣው በጀት የተጻፈ ይመስለዋል።

ይህ ድምፅ የብቻቸው አልነበረም። በ1910 ኤድንብራ ላይ በተካሄደው ታላቅ የሚሽን ጉባኤ 1,200 ገደማ ተወካዮች መካከል ከእስያ የመጡት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከእነሱ አንዱ ሕንዳዊው ቪ. ኤስ. አዛሪያ ተነሥቶ፣ ሚሲዮናውያኑ ስለከፈሉት መሥዋዕት አመስግኖ፣ አሁን የምንፈልገው ግን ወዳጅነታችሁን ነው አለ። በ1971 ደግሞ የኬንያው ፕሬስቢቴሪያን መሪ ጆን ጋቱ ሚልዋኪ ላይ የአፍሪካ ቤተ ክርስቲያን በራሷ እግር እንድትቆም ሚሲዮናውያንና ገንዘባቸው ቢያንስ ለአምስት ዓመት ይመለሱ ብለው ጠየቁ። አዳራሹ ደነገጠ። እኔ ሁለቱን ሳነጻጽር ጋቱ የአዛሪያ ጥያቄ ስድሳ ዓመት ሳይመለስ በመቅረቱ የተናገሩ ይመስለኛል።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ፤ ከዋሽንግተን፣ ከዳላስ፣ ከስቶክሆልም ወይም ከፍራንክፈርት ተነሥተን ወደ ኢትዮጵያ ለአገልግሎት ለምንሄደው። «እኛማ የአገር ልጆች ነን፣ ይህ ነገር ፈረንጆቹን ነው የሚመለከተው» ማለት ይቀናናል። አማርኛ መናገራችን ጥቅም አለው፤ እንጀራውም አያስቸግረንም። ግን ዳውሮ ገጠር የሚያገለግል ወንጌላዊ የሚሰብከው በዳውሮኛ ነው፤ ወለጋ ያለው በአፋን ኦሮሞ ነው። እዚያ አስተርጓሚ የሚያስፈልገን እኛ ነን። ሃያ ዓመት ውጭ ስንኖር የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች ተለውጠዋል፣ የብሩ ዋጋ ተለውጧል፣ የአካባቢው አስተዳደር ተለውጧል። በዶላር የሚያስብ ሰው ደግሞ ቋንቋው አንድ ስለሆነ ብቻ ከባድነቱ አይቀንስም። ለአንድ ዘመድ ወይም ለአንድ የምናውቀው አገልጋይ በግል ገንዘብ ስንሰጥ በማግሥቱ በአገልጋዮቹ መካከል ምን እንደሚፈጠር እኛ አናይም፤ የሚያየው መጋቢው ነው። ስለዚህ ስጦታ በሽማግሌዎች በኩል ይሂድ፤ በደረሰኝ ይሂድ። የልብሱ ሻንጣም ከመሞላቱ በፊት አንድ ስልክ ይደወል፤ ምናልባት የሚፈልጉት ለወንጌላዊው የሞተር ብስክሌት ጎማ ይሆናል።

ቪዛውንም አስቡበት። በብዙ አገሮች በቱሪስት ቪዛ ገብቶ ማስተማርና መስበክ ሕገ ወጥ ነው። ስንያዝ የሚደርስብን ወደ አገራችን መመለስ ነው፤ አስተናጋጁ ግን ፈቃዱን ሊነጠቅ ይችላል። እሱ «በዚህ ከተማ በአደባባይ አትዘምሩ» ካለ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱን ሁሉ ሊነግረን አይገደድም።

ከመመለስ በኋላ ያለውን ነገር ብዙዎቻችን እንዘነጋለን። ቡድኑ በእሑድ አምልኮ ላይ ቪዲዮ ያሳያል፣ ይጨበጨባል፣ ያልፋል። ቨር ቢክ ያገኘው የማይጸና ለውጥ የሚጠፋው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ቢያንስ ለአንድ ዓመት በወር አንድ ጊዜ ከአስተናጋጁ ጋር በስልክ የሚጸልይ ሰው ከቡድኑ ይመረጥ። የተባለው ወርኃዊ ድጋፍ ቀኑን ጠብቆ ይላክ፤ የዘገየ ድጋፍ ማለት ኪራዩን ያልከፈለ ወንጌላዊ ማለት ነው። ደግሞም ጉዞው በአንድ አቅጣጫ ብቻ መሆኑ ይብቃ። የሶዶው መጋቢ ወይም የቴጉሲጋልፓው አገልጋይ መጥቶ እኛን ያስተምር፤ እንዴት እንደሚጾም፣ በችግር ውስጥ እንዴት እንደሚሰጥ፣ ከጎረቤት ጋር ስለ ወንጌል እንዴት እንደሚወራ ከእነሱ የምንማረው ብዙ ነው። ትኬቱን እኛ እንቁረጥ፣ ቤታችን ይረፉ። የአሜሪካ ኤምባሲ ቀጠሮ ወራት ሊወስድ ስለሚችል፣ ቪዛውም ሊከለከል ስለሚችል፣ የግብዣ ደብዳቤውን የዘንድሮ ጉዟችሁን ዕቅድ በምትጀምሩበት ሳምንት ጻፉት።